ማሽኑ ሲነሣ የሚጠፋው ሁለተኛ አድራሻ፦ በሊኑክስ ላይ የኔትወርክ አሊያስ ስክሪፕቶችን ስለ መመርመር

በውጭ አገር የምንኖር ኢትዮጵያውያን ለማኅበራችን፣ ለእድራችን፣ ለቤተ እምነታችን ወይም ለሬዲዮ ዝግጅታችን ድረ ገጽ ሲያስፈልገን ሥራው አብዛኛውን ጊዜ የሚወድቀው በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ነው። ያ ሰው ቀን ቀን ሌላ እንጀራ አለው፤ ሰርቨሩን የሚነካካው ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ነው። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀሁት ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ነው። ርእሱ ጠባብ ነው፦ በአንድ የኔትወርክ ካርድ ላይ ተጨማሪ አድራሻ፣ በሙያው ቋንቋ አሊያስ የሚባለውን፣ ሰጥተን በእጃችን ስናስነሣው ይሠራል፤ ማሽኑ ጠፍቶ ሲነሣ ግን የለም። ለምን?

ትእዛዞችንና የፋይል ስሞችን እንደሚነበቡ በፊደላችን አስቀምጣቸዋለሁ፤ በማሽኑ ላይ የሚጻፉት ግን እንደተለመደው በላቲን ነው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልናገር፤ የአማርኛ ኪቦርድ በርቶ ሳለ የሚሠራ ሰው ይጠንቀቅ። የእኛ ሁለት ነጥብና የላቲኑ ኮሎን ለዓይን ቢመሳሰሉም ለማሽኑ ሁለት የተለያዩ ምልክቶች ናቸው። በእኛው ሁለት ነጥብ የተሰየመን ፋይል ሊኑክስ ያለ አንዳች ቅሬታ ያስቀምጠዋል፤ የማስነሻው ስክሪፕት ግን መቼም አያገኘውም።

አሊያስ ማለት ምን ማለት ነው?

አንድ ካርድ ከአንድ በላይ የአይፒ አድራሻ እንዲይዝ የምናደርግባቸው ምክንያቶች ብዙ ናቸው። በ2000ዎቹ ዋናው ምክንያት የምስጢር ግንኙነት ሰርተፊኬት ነበር። አሳሹ የሚፈልገውን ድረ ገጽ ስም ግንኙነቱ ሲጀመር የሚናገርበት ዘዴ በ2003 ቢደነገግም በዊንዶውስ ኤክስፒ ላይ ያለው ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር አያውቀውም ነበር። ማይክሮሶፍት የኤክስፒን ድጋፍ እስካቆመበት እስከ ሚያዝያ 2014 ድረስ፣ ጥንቃቄ የሚያበዛ ሰው ለእያንዳንዱ ሰርተፊኬት ያለው ገጽ የየራሱን አድራሻ ይሰጥ ነበር። ያ ምክንያት ዛሬ የለም ማለት ይቻላል። ሌሎቹ ግን አሉ፦ አሮጌ ሰርቨር ሲነሳ አድራሻውን ለአዲሱ ማውረስ፣ የኢሜይልን አገልግሎት ከድረ ገጹ አድራሻ መለየት፣ የሙከራ ገጽን ለብቻ ማስቀመጥ።

ብዙ ሰው «ኢት0:0» የሚለውን ስም ሲያይ ራሱን የቻለ ሁለተኛ ካርድ ይመስለዋል። በድሮው የሊኑክስ ከርነል ወደዚያ የተጠጋ ነገር ነበር፤ አሊያስ ለብቻው የሚመረጥ የከርነል ክፍል ነበረው። በጥር 1999 ከወጣው ከ2.2 ከርነል ጀምሮ ግን ነገሩ ተለውጧል። ካርዱ አንድ ነው፤ ከርነሉ በካርዱ ስር የአድራሻዎች ዝርዝር ይይዛል፤ «ኢት0:0» በአንዱ አድራሻ ላይ የተለጠፈ መለያ ስም ብቻ ነው። መለያው ባይኖርም አድራሻው ይሠራል።

ከዚህ የሚከተለው ነገር የብዙ ሰው ምሽት አባክኗል። የጥንቱ «ኢፍኮንፊግ» የሚያሳየው የካርዱን የመጀመሪያ አድራሻና መለያ ስም የተለጠፈባቸውን ብቻ ነው። መለያ የሌለው ሁለተኛ አድራሻ በቦታው ቢኖርም አይታየውም። ስለዚህ «አሊያሱ ጠፋ» ከማለት በፊት «አይፒ አድር ሾው» ብለን እንጠይቅ። እሱ ሁሉንም ይዘረዝራል። በእኔ ግምት «ኢፍኮንፊግ»ን ለዚህ ዓይነት ምርመራ ጨርሶ መተው ይሻላል።

የመለያ ስሙ ርዝመትም ገደብ አለው፤ ከ15 ፊደል አይበልጥም። ድሮ «ኢት0» ሲባል ይህ ማንንም አያሳስብም ነበር። ዛሬ ግን በዩኤስቢ የሚሰኩ ካርዶች ብዙ ጊዜ «ኢኤንኤክስ» በሚል ሦስት ፊደልና በካርዱ 12 የሃርድዌር ቁጥሮች ይሰየማሉ። ሲደመር ልክ 15 ነው፤ ለኮሎንና ለዜሮ ቦታ አይተርፍም። በእንዲህ ዓይነት ካርድ ላይ በአሮጌው መንገድ አሊያስ ለመስጠት መታገል ትርፉ ድካም ነው። አድራሻውን ያለ መለያ መጨመር ብቻ ነው መፍትሔው።

አንድ እውነተኛ ጉዳይ

በ2019 የደረሰ ነው። በምኖርበት ከተማ ያለ አንድ እድር ድረ ገጹን የሚያስቀምጠው ከሌሎች ሁለት ገጾች ጋር በአንድ የኪራይ ማሽን ላይ ነበር። የእድሩ ገጽ የራሱ ሁለተኛ አድራሻ ነበረው። አንድ ሌሊት አከራዩ ድርጅት የመብራት ጥገና አድርጎ ማሽኖቹ ሁሉ ጠፍተው ተነሡ። የመጀመሪያው አድራሻ ወዲያው መልስ ሰጠ። ማሽኑን በየደቂቃው የሚጠይቀው መቆጣጠሪያም የሚያውቀው ያንኑ አድራሻ ስለነበር «ሁሉ ደኅና ነው» ሲል አደረ።

በማግስቱ ጠዋት የእድሩ ሊቀ መንበር ደወሉልኝ። «አንተ ልጅ፣ ገጹ የት ሄደ? የቀብሩን ሰዓት ማን ያሳውቅልን?» አሉኝ። «ጋሼ፣ አሁኑኑ አየዋለሁ» አልኳቸው። ከአባላቱ አንዱ ሌሊት አርፎ ነበር፤ የቀብሩ ቦታና ሰዓት የሚለጠፈው በዚያ ገጽ ላይ ነው። ሽማግሌዎቹ የስልክ ደብተር አውጥተው ቤት ለቤት መደወል ጀመሩ። ያልተገኙም ነበሩ፤ ሬሳው ከገባ በኋላ የደረሱም ነበሩ።

ማሽኑ ደቢያን ነበር። ከእኔ በፊት ያዘጋጀው ሰው «/ኢቲሲ/ኔትወርክ/ኢንተርፌስስ» በሚለው ፋይል ውስጥ የ«አይፌስ ኢት0:0» ክፍሉን በትክክል ጽፎታል። አድራሻው፣ ኔትማስኩ፣ ሁሉም ልክ ነው። ከዚያም በእጁ «ኢፍአፕ ኢት0:0» ብሎ አስነሥቶታል፤ ሠርቷል፤ ሄዷል። ከክፍሉ በላይ መኖር የነበረበት «አውቶ ኢት0:0» የሚለው መስመር ግን የለም። ማሽኑ ሲነሣ የሚያስነሣው «አውቶ» የተባለለትን ብቻ ነው። ማሽኑ ከዚያ ወዲህ ከአንድ ዓመት በላይ ጠፍቶ አያውቅም፤ ስለዚህ ጉድለቱ አልታየም። ጥገናው አንድ መስመር ነበር። የዚህ ዓይነት ስሕተት አስቸጋሪነቱ እዚህ ላይ ነው፤ በተሠራበት ቀንና በሚታይበት ቀን መካከል ብዙ ወራት ያልፋሉ፤ የሠራው ሰው የለም፤ የሚያስታውስም የለም።

ደቢያንና ቤተሰቡ

በደቢያን ላይ ከ«አውቶ» ቀጥሎ የሚያጋጥመው የጌትዌይ መደገም ነው። ሰው የ«ኢት0»ን ክፍል ገልብጦ ለ«ኢት0:0» ሲለጥፍ የ«ጌትዌይ» መስመሩንም አብሮ ይገለብጠዋል። ስክሪፕቱ ሁለተኛ ነባሪ መንገድ ለመጨመር ሲሞክር ከርነሉ «ፋይል ኤግዚስትስ» የሚል መልስ ይሰጣል። መልእክቱ አሳሳች ነው፤ ጉዳዩ ስለ ፋይል አይደለም፤ «መንገዱ አስቀድሞ አለ» ማለቱ ነው። «ኢፍአፕ» ክፍሉን እንደ ወደቀ ይቆጥረዋል፤ ከሥሩ «አፕ» ተብለው የተጻፉ ትእዛዞች ካሉም ሳይሠሩ ሊቀሩ ይችላሉ። ጌትዌይ በዋናው ክፍል አንድ ጊዜ ብቻ ይጻፍ፤ ከአሊያሱ ይሰረዝ።

ሦስተኛው «አላው-ሆትፕላግ» ነው። ይህ ቃል ካርዱ በሲስተሙ ሲታወቅ አስነሣው ማለት ነው፤ «አውቶ» ደግሞ የኔትወርኩ አገልግሎት ሲነሣ አስነሣው ማለት ነው። ዋናው ካርድ በመጀመሪያው፣ አሊያሱ በሁለተኛው ከተጻፈ የትኛው እንደሚቀድም እርግጠኛ መሆን አይቻልም። አንድ ቀን የሚሠራ፣ ሌላ ቀን የማይሠራ አሊያስ ሲያጋጥም መጀመሪያ የማየው ይህን ነው። ሁለቱንም «አውቶ» ማድረግ ይበቃል።

«ኢፍአፕ» ያስነሣውን ሁሉ «/ረን/ኔትወርክ/ኢፍስቴት» ውስጥ ይመዘግባል። አድራሻውን በ«አይፒ» ትእዛዝ ብንሰርዘው መዝገቡ አያውቅም፤ እንደገና «ኢፍአፕ» ስንል «ቀድሞ ተዋቅሯል» ብሎ እጁን ይሰበስባል። ያን ጊዜ «--ፎርስ» መጨመር፣ ወይም መጀመሪያ «ኢፍዳውን» ማለት ነው። ዝርዝሩን ለማየት «ኢፍአፕ -ቪ» እያንዳንዱን ትእዛዝ እየጻፈ ይሄዳል። ይህ ብቻውን የችግሩን ግማሽ ይፈታል።

አዲስ ለሚጀምር ሰው የምመክረው ግን አሊያስ የሚለውን ክፍል ትቶ በዋናው ክፍል ሥር «አፕ አይፒ አድር አድ 192.0.2.11/24 ዴቭ ኢት0» የሚል አንድ መስመር መጨመር ነው። ዋናው ካርድ ከተነሣ እሱም ይነሣል፤ ተለይቶ የሚረሳ ነገር የለም።

ሬድ ሃትና ቤተሰቡ

በሬድ ሃት፣ በሴንት ኦኤስና በዘመዶቻቸው አሮጌው ሥርዓት ለእያንዳንዱ አሊያስ አንድ ፋይል ነው፤ በ«/ኢቲሲ/ሲስኮንፊግ/ኔትወርክ-ስክሪፕትስ» ውስጥ «ኢፍሲኤፍጂ-ኢት0:0» ተብሎ ይቀመጣል። እዚህ ቤት ማወቅ የሚገባው ነገር እነዚህ ፋይሎች ቅጽ አለመሆናቸው ነው። ሼሉ እንደ ፕሮግራም ያነብባቸዋል። በእኩል ምልክቱ ግራና ቀኝ ክፍት ቦታ ከተተወ «አይፒአድር» የሚባል ትእዛዝ ፈልግ የተባለ ይመስለዋል። ፋይሉ በዊንዶውስ ላይ ተጽፎ ከመጣ በየመስመሩ መጨረሻ የማይታይ ምልክት ይከተለዋል፤ አድራሻው ለዓይናችን 192.0.2.11 ነው፣ ለማሽኑ ግን የተበላሸ ነው። «ካት -ኤ» ብለን ስናነብበው የተደበቀው ምልክት ይወጣል። በዊንዶውስ የፋይል ስም ውስጥ ኮሎን ስለማይፈቀድም ፋይሉ ወዲያ ተገልብጦ ሲመለስ ስሙ ተለውጦ ሊገኝ ይችላል።

አሊያሱ ከእናት ካርዱ ጋር እንዲነሣ የሚወስነው «ኦንፓረንት» የሚለው መስመር ነው፤ «ኖ» ከሆነ ዝም ይባላል። አሊያስ በዲኤችሲፒ አድራሻ መቀበል አይችልም፤ ቋሚ መሆን አለበት። መጠባበቂያ ቅጂም በዚያው ማኅደር ውስጥ አይቀመጥ። «.ባክ» የመሰሉ የታወቁ ቅጥያዎች ይታለፋሉ፤ ራሳችን የፈጠርነው ቅጥያ ግን እንደ ሌላ አሊያስ ይነበባል፤ አሮጌው አድራሻ ከሙታን ይነሣል።

አድራሻን ከአሮጌ ማሽን ወደ አዲስ ለሚያዛውር ሰው የሚጠቅም ነገር ደግሞ አለ። ስክሪፕቱ አድራሻውን ከመስጠቱ በፊት በ«አርፒንግ» «ይህን የያዘ አለ?» ብሎ ሰፈሩን ይጠይቃል። አሮጌው ማሽን ገና ካልጠፋ ይመልሳል፤ ስክሪፕቱም «ሌላ ማሽን ይዞታል» ብሎ አሊያሱን ይተወዋል። ይህ ስሕተት አይደለም፤ ማሽኑ ሥራውን መሥራቱ ነው። የአስነሣጡን መዝገብ ሳያነብ ፋይሉን አሥር ጊዜ የሚያርም ሰው ግን አይቻለሁ።

ፋይሉን የሚያነበው ማን ነው?

ዛሬ ከሁሉ በፊት መጠየቅ ያለበት ይህ ነው፤ ምክንያቱም ፋይሉ ፍጹም ትክክል ሆኖ አንባቢ ያጣበት ጊዜ በዝቷል። ሬድ ሃት በ2014 በወጣው በ7ኛው እትም ኔትወርክ ማኔጀርን ነባሪ አደረገ፤ በ2019 በ8ኛው እትም አሮጌዎቹ ስክሪፕቶች እንደሚቀሩ አስታወቀ፤ በ2022 በ9ኛው እትም አወጣቸው፤ በ2025 በወጣው በ10ኛው እትም የ«ኢፍሲኤፍጂ» ፋይል ጨርሶ አይነበብም። የሴንት ኦኤስ 7 ዕድሜ በሰኔ 2024 ስላበቃ ብዙ የማኅበር ሰርቨሮች ወደ አዲስ እትም ተሸጋግረዋል፤ አሮጌው ፋይል አብሮ ተገልብጦ በማኅደሩ ውስጥ ተኝቷል። በአዲሱ ቤት ትእዛዙ «ኤንኤምሲኤልአይ ኮን ሞድ» ብሎ የግንኙነቱን ስም፣ ቀጥሎ «+አይፒቪ4.አድሬስስ 192.0.2.11/24» ነው፤ የመደመር ምልክቱ ከተረሳ አዲሱ አሮጌውን ይተካዋል፤ በሩቅ ሆኖ ለሚሠራ ሰው መዘዝ ነው። ፋይሉን በእጅ የሚጽፍ ደግሞ ባለቤቱ ሩት፣ ፈቃዱ 600 መሆኑን ያረጋግጥ፤ አለዚያ ኔትወርክ ማኔጀር አያነበውም።

ኡቡንቱ በጥቅምት 2017 በወጣው 17.10 እትም ወደ ኔትፕላን ዞሯል። እዚያ አሊያስ የሚባል የተለየ ነገር የለም፤ «አድሬስስ» በሚለው ሥር አንድ መስመር መጨመር ነው። በታብ ሳይሆን በክፍት ቦታ ይስተካከል። በክላውድ ላይ ለተከራዩት ማሽን ግን «50-ክላውድ-ኢኒት» በሚል ስም የተቀመጠውን ፋይል ማረም ዋጋ ላይኖረው ይችላል፤ ክላውድ-ኢኒት መልሶ ሊጽፈው ይችላል። የራስን ፋይል ለብቻ መጨመር ይሻላል።

ብዙ ሰው ከዚህ ሁሉ ጣጣ ሸሽቶ ትእዛዙን «/ኢቲሲ/አርሲ.ሎካል» ውስጥ ይጥለዋል። አልወደውም። በሲስተምዲ ዘመን ፋይሉ የማስኬድ ፈቃድ ከሌለው አይነካም፤ በብዙ አዳዲስ እትሞችም ፋይሉ ራሱ የለም። ቢሠራ እንኳ የሚሠራው ማሽኑ ሲነሣ አንድ ጊዜ ነው፤ ኔትወርኩ በመካከል እንደገና ሲነሣ አድራሻው ይጠፋል፤ የሚመልሰው የለም።

አድራሻው አለ፣ አገልግሎቱ የለም

አንዳንዴ አድራሻው በትክክል ይነሣል፣ ነገር ግን ዘግይቶ። አፓቼ ወይም ኤንጂንኤክስ በተለይ 192.0.2.11ን እንዲያዳምጥ ታዞ አድራሻው ገና ካልመጣ «የተጠየቀውን አድራሻ መስጠት አይቻልም» በሚል ስሕተት ቁጥር 99 ይወድቃል። በእጅ ስናስነሣው ይሠራል፣ ምክንያቱም እስከዚያ አድራሻው መጥቷል። ሁለት መድኃኒት አለው፦ አገልግሎቱ «ኔትወርክ-ኦንላይን» የሚባለውን ደረጃ እንዲጠብቅ በሲስተምዲ ማዘዝ፣ ወይም «ኔት.አይፒቪ4.አይፒ_ኖንሎካል_ባይንድ»ን 1 አድርጎ ያልመጣ አድራሻ ላይ እንዲቀመጥ መፍቀድ። ከሁሉ የሚቀለው ግን፣ ሌላ ምክንያት ከሌለ፣ ሁሉንም አድራሻ አዳምጥ ማለት ነው።

የመጀመሪያውን አድራሻ ስንሰርዝ በዚያው ኔትማስክ ውስጥ ያሉት ሁለተኞቹ አብረው መሰረዛቸውም ሰውን ያስደነግጣል። ከርነሉ እንደ ቤተሰብ ስለሚያያቸው ነው። «ፕሮሞት_ሰከንደሪስ» የሚለው ቅንብር 1 ከሆነ ቀጣዩ በቦታው ይተካል። ፋየርዎሉም እንዲሁ «ኢት0:0» የሚባል ካርድ አያውቅም፤ ሕጉ በካርድ ስም ሳይሆን በመድረሻ አድራሻ ይጻፍ።

ሁሉ ልክ ሆኖ ከውጭ ብቻ የማይደረስ ከሆነ ደግሞ ራውተሩ አሮጌውን ማሽን እያስታወሰ ይሆናል። በሲስኮ ራውተሮች ላይ ይህ ትውስታ በነባሪ 4 ሰዓት ይቆያል። «አርፒንግ -ዩ -አይ ኢት0 192.0.2.11» ብለን አዲሱን ባለቤት ብናሳውቅ አብዛኛውን ጊዜ ወዲያው ይስተካከላል።

በሩቅ ላለ ማሽን

ማሽኑ አዲስ አበባ፣ እኛ ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ከሆንን ጥንቃቄው ሌላ ነው። አድራሻ ለመጨመር ኔትወርኩን በሙሉ ማስነሣት አያስፈልግም፤ «አይፒ አድር አድ» የተከፈተውን ግንኙነት አይቆርጥም። መጀመሪያ በዚህ እንሞክር፤ የተሳሳትን እንደሆነ ማሽኑ ሲነሣ ይረሳዋል። ለዚህ «ሻትዳውን -አር +10» ብሎ ጀምሮ፣ ሁሉ ከተስተካከለ «ሻትዳውን -ሲ» ብሎ መሰረዝ ጥሩ ልማድ ነው። ፋይሉን ስናርም ግን ይህ አይበቃም፤ ማሽኑ የሚነሣው በታረመው ፋይል ነውና። ያን ጊዜ ከመጀመራችን በፊት በ«አት» ትእዛዝ ከ10 ደቂቃ በኋላ አሮጌውን ፋይል የሚመልስና ኔትወርኩን የሚያስነሣ ሥራ እንቅጠር። በኡቡንቱ «ኔትፕላን ትራይ» ይህንኑ በራሱ ያደርገዋል፤ በ120 ሴኮንድ ውስጥ ካላረጋገጥንለት ወደ ነበረበት ይመለሳል።

በመጨረሻ ማሽኑ በእውነት ጠፍቶ መነሣት አለበት፤ በቀጠሮ፣ ከማሽኑ አጠገብ ስክሪንና ኪቦርድ ያለው ሰው ባለበት። ቀጠሮው «ከሌሊቱ 9 ሰዓት» ሲባል በማን ሰዓት እንደሆነ አስቀድሞ ይነገር፤ አዲስ አበባ ያለው ሰው በአገሩ አቆጣጠር፣ እኛም በፈረንጁ ስንጠብቅ 6 ሰዓት ልዩነት ይፈጠራል። ማሽኑ ከተነሣ በኋላ «አይፒ አድር ሾው»ና «ጆርናልሲቲኤል -ቢ» ይነበቡ፤ ከዚያም እያንዳንዱን አድራሻ ከሌላ ኔትወርክ፣ ለምሳሌ ከእጅ ስልክ ኢንተርኔት ላይ፣ ለየብቻ እንክፈተው። መቆጣጠሪያውም ሁሉንም አድራሻዎች አንድ በአንድ እንዲጠይቅ ይታዘዝ።